ሠላሳ ስድስተኛዋ ፎቶ

የእህቴ ልጅ ሰብለ ባለፈው ወር የሠርግ ፎቶ ልታነሳ ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ መጥታ እኔ ዘንድ ሦስት ቀን አረፈች። አዲስ ዲጂታል ካሜራ ገዝታለች፤ በሻንጣዋ ውስጥ ከልብሷ ይልቅ ሌንሱና ባትሪው ይበዛል። «እስኪ ያዢው አክስቴ፣ አንቺ እኮ የድሮ ፎቶ አንሺ ነሽ» ብላ ማንገቻውን አንገቴ ላይ አጠለቀችው። ክብደቱን ወደድኩት። ቀላል ካሜራ እጅ ላይ ይንቀጠቀጣል፣ ይሄ ግን ራሱ እጅን ያረጋጋል። በረንዳው ላይ ወጥቼ በዛፎቹ ሥር እየበረረ የሚያልፍ ባጃጅ አነሳሁ፤ ሳይደበዝዝ፣ የቆመ መስሎ ወጣ። ፊት ለፊታችን ሎሚ የምትሸጠውን ሴትዮ ፈቃዷን ጠይቄ አነሳኋት። እሷ ጥላ ውስጥ ተቀምጣለች፣ ከኋላዋ ያለው ነጭ ግድግዳ ደግሞ ፀሐይ አርፎበት ዓይን ያጥበረብራል። ካሜራው ፊቷን ራሱ ፈልጎ አገኘና በትንሽ አረንጓዴ ሳጥን ከበበው፤ ፊቷም ግድግዳውም በየልካቸው ወጡ። እኔ በጊዜዬ በዚህ አንድ ነገር የተነሳ ያየሁትን አበሳ ሳስበው መሳቅም መናደድም ቃጣኝ። ድምፁ ግን አልተለወጠም። ቁልፉን ሲጫኑት ውስጡ ያለው መስታወት ተነስቶ ሲወርድ የሚያሰማው ቀጭ የሚል ድምፅ ያው የድሮው ነው።

ከሰዓት በኋላ ሰብለ ከሙሽራዋ ቤት ተመልሳ የዋለችበትን በካሜራው ጀርባ ታሳየኝ ጀመር። ሙሽራዋ ሂና ስትቀባ፣ ሴቶች ብቻ በሩን ዘግተው በተሰበሰቡበት ክፍል ያነሳቻቸው ነበሩ። አንዷ ላይ ስትደርስ ቆም አለች። የሙሽራዋ እህት ትመስለኛለች፤ ሻሿ ከትከሻዋ ወርዶ፣ ፀጉሯ ተፈትቶ፣ ጥርሷ ሁሉ እስኪታይ ትስቃለች።

«ይቺን ነገ ገጼ ላይ አወጣታለሁ፤ ለማስታወቂያ» አለች።

«ልጅቷን ጠየቅሻት?»

«ምን ብዬ ነው የምጠይቃት? ቆንጆ ወጥታለች እኮ አክስቴ።»

ይህችን ቃል፣ ቆንጆ ወጥታለች የምትለዋን፣ በሌላ ሰው አፍ፣ በሌላ ክፍል፣ በሌላ ዘመን ሰምቻታለሁ። ያኔ ያላልኩት ሁሉ አሁን ከአፌ ወጣ። «አታወጫትም» አልኳት። ሰብለ በሕይወቷ ስቆጣ አይታኝ ስለማታውቅ ደነገጠች። «እሺ፣ እሺ አላወጣትም፤ ምን ሆንሽ?» አለች። ልነግራት ጀመርኩ። ግማሹን ስልኳን እያየች ሰማች፣ ግማሹን ሳትሰማው እንቅልፍ ወሰዳት። ሙሉውን እዚህ ልጻፈው።

ስለዚያ የአብዮት ዘመን ማውራት የሚወድ ሰው በከተማችን ብዙ ነው። እኔም የምወደው ነገር አላጣሁበትም። ድሬዳዋ በማለዳ ሥራ ጀምራ፣ ፀሐይዋ አናት ላይ ስትወጣ ትዘጋና ሙቀቱ ሲበርድ እንደገና ትከፈት ነበር። በዚያ መሃል ከዚራ ሰፈር ውስጥ የሚሰማው የቅጠል ድምፅና ከጣቢያው በኩል የሚመጣ የብረት ኳኳታ ብቻ ነው። አንድ ብርጭቆ የሎሚ ጭማቂ ከነበረዶው ሃያ አምስት ሳንቲም ነበር፤ በረዶው ሳይቀልጥ መጨረስ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ወንዶቹ ተርጋል ሱሪና ከጅቡቲ የመጣ ነጭ ሸሚዝ፣ ካድሬዎቹ ካኪ፣ የመጋላ ሰፈር ሴቶች ደግሞ ነፋስ ሲነካው እንደ መጋረጃ የሚያብጥ ዲራ የሚሉትን ሰፊ ቀሚስ ይለብሱ ነበር። የደቻቱ ወንዝ ድልድይ ላይ የቆመ ሰው በአንድ ጆሮው ከቀበሌው ድምፅ ማጉያ የሰልፍ መዝሙር፣ በሌላው ከሻይ ቤቱ ሬዲዮ የሶማልኛ የፍቅር ዘፈን ይሰማል። ሰው ጨዋታውን በአማርኛ ጀምሮ፣ በኦሮምኛ ቀጥሎ፣ በሶማልኛ ይጨርሰዋል፤ ማንም አይገርመውም። ይሄን ሁሉ እወደዋለሁ። «ያኔ መከባበር ነበር» ሲሉኝ ግን አልቀበልም። መከባበሩ በጎረቤትና በጎረቤት መካከል ነበር። እኛን ለሚያዙን ሰዎች ጎረቤቶቹ ሁሉ ቁጥር ነበሩ፤ ሲመቻቸው ደግሞ ጌጥ።

እኔ ያኔ ከዩኒቨርሲቲ በኬሚስትሪ ተመርቄ ወደ ትውልድ ከተማዬ ከተመለስኩ ዓመት አልሞላኝም። አባቴ የባቡር መካኒክ ነበር፤ ጠዋት አብረን ወጥተን እሱ ወደ ወርክሾፑ፣ እኔ ከዚራ ውስጥ በአንድ የድሮ ቪላ ወደተከፈተው የከተማው አስተዳደር መሥሪያ ቤቴ እንሄዳለን። ዓይነ አፋር ነበርኩ። ሰው ሲያናግረኝ ጫማውን ነው የማየው፤ የመሥሪያ ቤቱን ሰው ሁሉ በጫማው እለየው ነበር። አንድ ቀን ከምሥራቅ ጀርመን የተላከ አዲስ ካሜራ ገለባ በሞላበት የእንጨት ሣጥን በባቡር መጣ። በዓይን መመልከቻው የምናየው በሌንሱ የሚገባውን ራሱን ነው፤ ሌንሱ ይፈታል፣ አናቱ ላይ ብርሃን የሚለካ መርፌ አለው። እንዲህ ያለ ካሜራ በከተማው ያየ አልነበረም። መመሪያው እንግሊዝኛ ስለሆነ ወደ እኔ ጠረጴዛ መጣ። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሦስተኛው ላይ ካሜራው በእጄ ነበር። ሌላው ቢቀር በእሱ ውስጥ ሳይ ሰው ፊት ቀና እንድል ይፈቀድልኛል።

አለቃችን ጓድ ደምሴ ካሜራውን የፈለገው ለመታወቂያ ነበር። በከተማው መታወቂያ ይታደስ ተባለ፤ አዲሱን ያልያዘ ከቀበሌ ሱቅ ስኳርና ሳሙና አይወስድም፣ ባቡርም አይሳፈርም። ትእዛዙ ግልጽ ነው፦ ሁለት ጆሮና ግንባር ይታይ። ይሄ ለእኔ ምንም አይደለም። ለመጋላ ሴቶች ግን በባዕድ ወንድ ፊት ሻሽ መፍታት ነው። ከእኔ በፊት ከተማው ፎቶ እንዲያነሳ የመደበው አንድ ባለ ስቱዲዮ ነበር፤ ወንድ። ሴቶቹ ስቱዲዮው በር ድረስ ሄደው ተመለሱ። ከዚያ ሳምንት በኋላ ነው ኤዶ ኻዲጃ የመጣችው።

ኤዶ በሶማልኛ አክስት ማለት ነው፤ ኻዲጃን ግን የሥጋ ዘመዷ ያልሆነውም ሁሉ ኤዶ ይላታል። ቀፊራ ገበያ ጨርቅ ትሸጣለች። ከኋላዋ ስድስት ሰባት ሴቶች አስከትላ ቢሮዬ ገባችና ጠረጴዛዬ ፊት ቆመች።

«ፎቶ የምታነሳ ሴት አለች ብለውኝ ነው። አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ፣ ኤዶ። እርስዎ...»

«እርስዎ እርስዎ ተይኝ፣ አንድ ሰው ነኝ። ናያ፣ አንቺ ልጅ፣ እስኪ ቀና በይ። ፊትሽን ሳላይ ፊቴን አላሳይሽም።»

ቀና አልኩ። ሴቶቹ ሳቁ፤ እሷ ግን አልሳቀችም፣ ጨርቅ ስትመርጥ እንደምታየው ዓይነት አየችኝና ውሏን ነገረችኝ። በሩ ይዘጋል። በር ላይ እሷ ራሷ ትቀመጣለች። ፎቶው ከታተመ በኋላ ፊልሙ ተቆርጦ ለየባለቤቱ ይሰጣል። «ወረቀቱን መንግሥት ይውሰድ። ፊልሙ የኛ ነው። ፊልሙ ካለ ነገ ሌላ ወረቀት ይወጣል፤ ወላሂ ይሄን አውቃለሁ» አለች። ቃሌን ሰጠኋት። ለጓድ ደምሴም ነገርኩት። ከወረቀቱ ቀና ሳይል «ቁጥሩ ይሙላልኝ እንጂ እንደፈለግሽ አድርጊ» አለ። ይሄን ማለቱን ማንም እንዲረሳብኝ አልፈልግም።

የመጀመሪያው የፊልም ጥቅል ተበላሸ። የቪላው ኋላ ክፍል ግድግዳው በኖራ የነጣ ነው፤ ሴቶቹን እሱ ላይ አስደግፌ መርፌዋ ያለችኝን አመንኩ። መርፌዋ ደግሞ የለካችው ግድግዳውን ነው። ፎቶዎቹ ሲታጠቡ ግድግዳው አምሮ ፊቶቹ ጠቁረዋል። ኤዶ ኻዲጃ የራሷን ይዛ ወደ መስኮቱ አስጠጋችው።

«ይሄ ማን ነው?»

«አንቺ ነሽ፣ ኤዶ።»

«እኔ? የከሰል ጆንያ ነው እንጂ። ጆሮው የታል? ጆሮ እንዲታይ አይደል እንዴ ፀጉሬን የፈታሁት?»

መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። እሷ ግን የከሰል ጆንያዋን ቀድዳ ኪሴ ውስጥ ከተተችና «ሁለተኛ እንመጣለን፤ አንቺም ተማሪ» ብላ ሄደች። ተማርኩ። ከአባቴ የባቡር ብርድ ልብስ ለምኜ ግድግዳው ላይ ሰቀልኩ፤ ግራጫ ነው፣ ብርሃን አይመልስም። በመርፌዋ ግድግዳውን ሳይሆን ፊታቸው ባለበት ጥላ ውስጥ የእጄን ጀርባ ለካሁ። የማጠቢያው መድኃኒት ሌላ ጣጣ ነበር። መመሪያው ውሃው ቀዝቃዛ ይሁን ይላል፤ የድሬዳዋ ቧንቧ ውሃ ደግሞ እኩለ ቀን ላይ ሻይ ያፈላል ማለት ይቀላል። የሃምሳ ሳንቲም በረዶ በጆንያ ጠቅልዬ እያመጣሁ ሳህኖቹን በእሱ ላይ አስቀምጥ ነበር። ሰብለ ይሄን ስነግራት «ለአንድ ፎቶ?» አለች። አዎ፣ ለአንድ ፎቶ።

በሁለተኛው ቀጠሮ ሠላሳ አምስት ሴቶች መጡ። አንድ ጥቅል ፊልም ሠላሳ ስድስት ያነሳል። ግቢው ውስጥ ከዛፉ ሥር ተቀምጠው ሁለት ሁለት እየሆኑ ይገባሉ፤ ኤዶ ኻዲጃ በሩ ላይ ወንበሯን አስቀምጣ የመሥሪያ ቤቱን ወንድ ሁሉ፣ ዘበኛውን ሳይቀር፣ በሌላ በር አስኬደችው። የመጨረሻዋ ፎዚያ ነበረች፤ የኤዶ ኻዲጃ የወንድሟ ልጅ፣ ከተዳረች አራት ወር የሆናት። ባሏ ዑመር የጅቡቲ መንገድ ሾፌር ነው። ሻሿን ፈትታ ብርድ ልብሱ ፊት ስትቀመጥ ሳቋን መያዝ አቃታት። ኤዶ ኻዲጃ ከበሩ ሆና፣ «አትሳቂ፤ የስኳር መታወቂያ ነው። የሳቀ ሰው ስኳሩ ይቀነስበታል» አለች። ፎዚያ ትንፋሿን ዋጠች፣ አነሳኋት። ቀጭ ሲል የያዘችው ሳቅ ሁሉ አመለጣት፤ እየሳቀች ፀጉሯን ልትሰበስብ ሁለት እጇን ወደ ላይ አነሳች። በመስኮቱ የሚገባው ብርሃን በክንዷና በጉንጯ ላይ እንዴት እንዳረፈ ዛሬም ይታየኛል። ጣቴ ራሱ ፊልሙን አጠነጠነ። ሠላሳ ስድስተኛዋን አነሳሁ። አልጠየቅኋትም። ፊልም ውድ ነው፣ አንዷ ባዶ ከምትቀር ብዬ ነው ብል ውሸት ነው። ያነሳኋት ስላማረች ነው።

በሚቀጥለው ሳምንት ሠላሳ አምስቱን አትሜ፣ ፊልሙን አንድ በአንድ ቆርጬ፣ በወረቀት ጠቅልዬ ለየባለቤቱ ሰጠሁ። ሠላሳ ስድስተኛዋን ለፎዚያ አትሜ በስጦታ ልሰጣት አሰብኩ። ሰው ሁሉ ለምሳ በወጣበት በሙቀቱ ሰዓት አትሜ ጨለማ ክፍሉ ውስጥ ገመድ ላይ ሰቀልኳት። ገና ውሃዋ ሳይንጠፈጠፍ ጓድ ደምሴ በሩን ከፍቶ ገባ። ቁልቁል ጫማውን አየሁ፤ ቡናማ፣ አፍንጫው የተፋቀ። ፎቶዋ ፊት ብዙ ቆመ።

«ቆንጆ ወጥታለች» አለ።

«የልጅቷ ናት፣ ጓድ ደምሴ። ልሰጣት ነው።»

«የልጅቷ? ፊልሙ የማን ነው?»

«የመሥሪያ ቤቱ።»

«ወረቀቱስ? መድኃኒቱስ?»

«የመሥሪያ ቤቱ።»

«እንግዲያው ምኗ ነው የልጅቷ?» አለና ከገመዱ ላይ አወረዳት። መልሱ «ፊቷ» የሚል ነበር። የአንድ ቃል መልስ ነው። እኔ ግን ሳህኖቹን ወደ ማጠብ ዞርኩ።

የአብዮት በዓል ደርሶ ስለነበር መሥሪያ ቤቱ መንገድ ዳር ባለው ትልቁ መስኮቱ ፎቶ ደርድሯል። በበነጋው ፎዚያ መሃል ላይ ነበረች። ከሥሯ በቀይ ቀለም «ከኋላ ቀር ልማድ ነፃ የወጣች የድሬዳዋ ሴት» ተብሎ ተጽፏል። መንገዱ ላይ ቆሜ አነበብኩት። ማን ነው ነፃ ያወጣት? በር ዘግታ፣ በሴቶች መካከል፣ በአክስቷ ቀልድ ነው የሳቀችው። ሻሿን የፈታችው ስኳር ለመግዛት ከዚህ ሌላ መንገድ ስላልተተወላት ነው። ሰውን አስገድዶ ፀጉሩን ካስፈቱ በኋላ ነፃ አወጣንህ ማለት ምን ዓይነት ድፍረት ነው?  ከዚህ ሁሉ መሃል የሚከነክነኝ ደግሞ ፎቶዋ ጥሩ መሆኗ ነው። መንገደኛው ሁሉ ይቆም ነበር።

ኤዶ ኻዲጃ በዚያው ቀን መጣች። በዚህኛው ጊዜ ብቻዋን ነበረች፤ አልተቀመጠችም።

«ቃልሽ የታል?» አለችኝ።

የሆነውን ነገርኳት። ሠላሳ ስድስተኛዋን ሳትጠየቅ ማንሳቴንም ነገርኳት። ጨርሳ ሰማችኝ።

«የዑመር ወንድሞች በመስኮቱ ፊት አልፈዋል» አለች። «ፎዚያ ከቤት አልወጣችም። ዑመር ቅዳሜ ይገባል። ክፉ ልጅ አይደለም፣ ግን ቀድመው ይነግሩታል። መስኮት ላይ ተሰቅላ ካየ፣ በሩ ተዘግቶ ነበር ብትለው ማን ያምናታል? እኔ አለሁ፣ እመሰክራለሁ። ወረቀቱ ግን ከእኔ ይበልጥ ይጮሃል። ከቅዳሜ በፊት ይውረድ። ኻላስ።»

ማክሰኞ ነበር። ጓድ ደምሴ ቢሮ ሄድኩ። ደረጃው ላይ የምለውን ሦስት ጊዜ ለራሴ አልኩት፤ ቢሮው ስገባ ግን ሌላ ድምፅ ነው የወጣኝ።

«ፎቶዋ እንድትወርድ... ቃል ሰጥቻቸው ነበር።»

«ጓዲት መዓዛ፣ አንቺ የተማርሽ ሴት ነሽ። ልማዱን ትደግፊያለሽ እንዴ?»

«እርስዎም እሺ ብለውኝ ነበር» አልኩ፤ ለጫማው።

«አልሰማሁሽም። ምን አልሽ?»

«ምንም።»

ምንም አልኩ። ወጣሁ። ከዚህ በኋላ ስለሠራሁት ነገር ሰዎች ሲያደንቁኝ ይህችን ቃል አይሰሙልኝም፤ እኔ ግን እሰማታለሁ።

ረቡዕ ዕለት ጨለማ ክፍሉ ውስጥ ተቀምጬ አሰብኩ። ፎቶ ወረቀት ላይ ምስሉ ከወጣ በኋላ በመጨረሻ የሚነከርበት መድኃኒት አለ፤ ፊክሰር እንለዋለን። እሱ ነው ምስሉን የሚያጸናው። በደንብ ያልተነከረ ወረቀት ጥላ ውስጥ ደህና ይመስላል፣ ፀሐይ ካገኘው ግን ቀስ በቀስ ይጠቁራል። ኬሚስትሪ የተማርኩት ለዚህ ይሆናል ብዬ አላውቅም ነበር። ቁርጥራጭ ወረቀት እያተምኩ፣ ባረጀ ፊክሰር ውስጥ እየቆጠርኩ አወጣሁና የግቢው አጥር ላይ ፀሐይ ውስጥ አሰጣኋቸው። አምስት ብዬ ያወጣሁት ወዲያው ጠቆረ። አርባ ያልኩት እስከ ማታ ቆየ። ሃያ ያልኩት ከጠዋት እስከ እኩለ ቀን ቆይቶ ጠቆረ።

ሐሙስ ጓድ ደምሴን፣ «ፎቶዋ ትንሽ ናት፣ ከመንገድ ማዶ አትታይም። ላሳድጋት?» አልኩት። ደስ አለው። «እንደሱ ነው! አሁን ገባሽ» አለኝ። አርብ ጠዋት ጠረጴዛ የሚያህል ፎቶ ሃያ ቆጥሬ አውጥቼ፣ እርጥብ እንዳለ መስኮቱ ላይ ራሴ ሰቀልኩ። ትንሿን አውርጄ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። ወደ ምሳ ስወጣ ትንሿንም ፊልሟንም ቀፊራ ወስጄ በኤዶ ኻዲጃ እጅ አስቀመጥኩ።

ከተማው ተኝቶ ፀሐይዋ ብቻ መስኮቱ ላይ ዋለች። ሥራ መግቢያ ላይ ስመለስ ሰዎች ተሰብስበዋል። ፀጉሩም፣ ክንዱም፣ ሳቁም ቡናማ ጭቃ ውስጥ ሰጥመዋል፤ የቀረው ከሥር ያለው ቀይ ጽሑፍ ነው። አንድ ሽማግሌ ባቡረኛ መነጽራቸውን አድርገው ጽሑፉን ጮክ ብለው አነበቡና፣ «ነፃ ወጣች የተባለችው ይቺ ናት? ወጥታ ሄዳለች እኮ» አሉ። ሰው ሳቀ። 

«ምን ሆና ነው?» አለ ጓድ ደምሴ።

«ሙቀቱ ነው።»

«ድገሚያት።»

«ፊልሙም ተበላሽቷል» አልኩ። ዋሸሁ።

 ያላወቀ መሰለኝ፤ ማሽን ለሴት መስጠቱን ነው የረገመው። በዚያው ከሰዓት ካሜራውን ተቀበለኝና ለባለ ስቱዲዮው ሰውዬ ላከለት። ቅዳሜ ዑመር ሲገባ መስኮቱ መሃል የተለጠፈው የትራክተር ሥዕል ነበር።

ሰኞ ኤዶ ኻዲጃ መጣች። እውነቱን ለመናገር ምስጋና ጠብቄ ነበር።

«ፎዚያ ደህና ናት» አለች። «ወንድሞቹ ነገሩት፣ ሄዶ አየ፣ ትራክተር አገኘ። እኔም ያለውን ሁሉ ነገርኩት፤ አመነኝ። ካሜራውን ወሰዱብሽ አሉኝ፣ እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

«እኛ ሠላሳ አምስታችን ተነስተናል። ከደቻቱ ማዶ ያሉት የቀሩት ሴቶች ግን ገና ናቸው። እነሱን ማን ያነሳቸዋል?»

«ባለ ስቱዲዮው ነው» አልኳት።

«ተደብቀሽ አጠፋሽ፣ ተደብቀሽ አዳንሻት። ሹክራን። ለእነሱ ግን መደበቅ አይበቃም፣ ልጄ» ብላ ሄደች። ልጄ ያለችው እዚህ ላይ ነበር፤ እንድቆርጥ ያደረገኝም እሱ ነው።

በየሳምንቱ ሐሙስ የውይይት ክበብ አለ፤ መላው ሠራተኛ ተሰብስቦ ጽሑፍ ይነበብለታል፣ «አስተያየት ያለው» ይባላል፣ ሁሌም የሚናገሩት እነዚያው ሦስት ሰዎች ናቸው። በዚያን ሐሙስ እጄን አነሳሁ። የእኔ እጅ መሆኑን ሰብሳቢው ራሱ አላመነም፤ ከኋላዬ ያለውን ሰው ነበር ያየው። ተነሳሁ። የማንንም ጫማ አላየሁም።

«ፎቶዋን ያጠቆራት ሙቀት አይደለም፤ እኔ ነኝ» አልኩ። «መድኃኒቱን ሆን ብዬ አሳንሼ ነው። ፊልሙም አልተበላሸም፣ ለባለቤቷ ሰጥቻታለሁ። ለሴቶቹ በር ተዘግቶ እንደሚነሱ፣ ፊልማቸው እንደሚመለስላቸው ቃል ተሰጥቷል፤ ጓድ ደምሴ ያውቃሉ፣ እሺ ያሉት እሳቸው ናቸው። ቃሉን ያፈረሰው መሥሪያ ቤቱ ነው። እኔም ሳልጠይቃት በማንሳቴ በድያታለሁ። የቀሩትን ሴት ታንሳቸው። ለእኔ ካሜራው ባይመለስ ግድ የለኝም፤ ለሌላ ሴት ይሰጥ።»

 የጓድ ደምሴ ፊት ምን እንደሚመስል ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ያኔ ነው፤ እንዳሰብኩት አስፈሪ አልነበረም፣ ያልበው ነበር። ቃለ ጉባኤ የሚጽፈው ሰው እስክርቢቶውን አንስቶ ወደ እሱ ዞረና «ይሄ ይመዝገብ?» ብሎ ጠየቀው።

እሱ ሳይመልስ እኔ፣ «ይመዝገብ፤ ስሜን ከነአባቴ ስም ጻፈው» አልኩት። ቀስ ብዬ፣ እየጻፈ እንዲደርስብኝ፣ ፊደል በፊደል ነገርኩት።

ወር ሳይሞላ ከከተማው ውጭ ወዳለችው ዋሂል ተዛወርኩ፤ እህል መጋዘን ሲገባና ሲወጣ ጆንያ እንድቆጥር። ሁለት ዓመት ቆየሁ። የቀሩትን የደቻቱ ማዶ ሴቶች ስቱዲዮው ተሰናድቶ ጠበቃቸው፤ አንዳቸውም አልሄዱም። አራት ወር ስኳርና ሳሙና ተከለከሉ። በአምስተኛው ወር ያ መሥሪያ ቤት ካሜራውን ለአንዲት የክሊኒክ ነርስ ሰጠ፤ ሴቶቹም በር ተዘግቶ ተነሱ። ይሄን ያስደረገው የእኔ ንግግር ነው ብለው የሚያስቡ አሉ። አይደለም። አራት ወር ሙሉ ሻያቸውን መራራውን የጠጡት እነሱ ናቸው፤ በዚያ መስኮትም ሆነ በየትኛውም ቃለ ጉባኤ የአንዳቸውም ስም የለም።